ልዩ ልዩ ወጪ

የዚህ ቡለቲን አዘጋጆች «ስለ አንድ ጉዞህ ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ልል ነበር። ከክፍላችን ተማሪዎች ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ያልጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ቦታ የዞርኩ ሰው አይደለሁም። አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ ግን አሉኝ። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ቀኑ ሚያዝያ 5 እና 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ቀኑን እንዲህ አስተካክዬ የማውቀው ደብተር ላይ ተጽፎ ስላየሁት ነው። ስለ ደብተሩ በኋላ እመጣበታለሁ።

ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። ዶርማችን ውስጥ ስድስት አልጋ ቢኖርም አብረን የምንበላውና አብረን የምንዞረው አራታችን ነበርን። ጓደኞቼን ሳላስፈቅድ ስማቸውን መጻፉ ስለከበደኝ በዶርም ስማቸው ልጥራቸው። መሪጌታ የቄስ ልጅ ነው፤ ግዕዝ ስለሚያውቅ በፈተና ሰሞን ሁላችንም እሱ አልጋ ላይ እንኮለኮላለን። ድሬው ስሙ እንደሚለው የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሙስሊም፣ ሳቂታ፣ ለብርድ ፈጽሞ ያልተፈጠረ። ሦስተኛው ካሸር ነው። ካሸር ያልነው አካውንቲንግ ስለሚማር አይደለም፤ እንደኛው አማርኛ ነው የሚማረው። ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ አንዲት ደብተር ከእጁ አትጠፋም። በጋራ ሳሙና ከገዛን ስንት እንደፈጀ፣ ለአራት ሲካፈል ስንት ስንት እንደሚደርሰን እዚያች ደብተር ላይ ይገኛል። ሃምሳ ሳንቲም አትጎድልም። እኛ እንስቅበታለን፤ ገንዘብ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ ግን ሁላችንም የምንሰጠው ለእሱ ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የናዝሬት ልጅ፣ አፌ የማያርፍ።

አርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ሚድ ተፈትነን ስንወጣ ጭንቅላታችን ዞሮ ነበር። ማታ ዶርም ውስጥ «ለምን ከግቢ ወጣ አንልም?» የሚል ወሬ ተነሳ። እኔ ቢሾፍቱ አልኩ፤ ሐይቅ አለ፣ ሙቀት አለ። ድሬውም ደገፈኝ። መሪጌታ ግን «ደብረ ብርሃን» አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ተነስተን ለምሳ እንደርሳለን፣ እሁድ በጠዋት ደግሞ አንኮበር ደርሰን እንመለሳለን፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው እያለ አስረዳን። አንኮበር ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጣ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች ሁላችንም ተምረናል። መሪጌታን የሳበው ግን እሱ አልነበረም። አያቱ ቅኔ የተማሩት አንኮበር እንደሆነ ሲነገረው ነው ያደገው። «አንድ ቀን እንኳ እግሬ ቢረግጠው ደስ ይለኛል» አለ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ቢሾፍቱ ብሎ መከራከር ይከብዳል።

በነፍስ ወከፍ 350 ብር አዋጣን፤ በድምሩ 1,400። ካሸር ቆጥሮ ተቀበለና እዚያው አልጋው ላይ ተቀምጦ በጀቱን ጻፈ። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፤ ከታች ደግሞ ለብቻው አስምሮ «አንኮበር ደርሶ መልስ 160»። ከዚያ ውጪ በየኪሳችን የያዝናት ትንሽ ትንሽ ነበረች። እኔ አንድ መቶ ብር ነበረችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ክፍል «ጸደይ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል የሚመጣለት መስከረምና አደይ አበባ ነው። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስለዚህ እኛ የሄድነው በትክክለኛው ጸደይ ነው ማለት ነው። መሪጌታ ይህንን አርብ ማታ ሲያብራራ ድሬው «ጸደይ ከሆነማ ይሞቃል!» ብሎ በማግስቱ ስስ ሹራብ ለብሶ፣ ክፍት ጫማ ተጫምቶ መጣ። አይፈረድበትም፤ ድሬዳዋ በሚያዝያ ይሞቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ተነስተን ላምበረት መናኸሪያ ሄድን፤ በሰው 70 ብር ከፍለን ሚኒባስ ያዝን። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እስክናልፍ ጨዋታው ደርቶ ነበር። ሸኖ ላይ ረዳቱ በሩን ሲከፍተው የገባው ነፋስ ግን ጨዋታውን ቆረጠው። ሸኖ እንደምታውቁት ለጋ ቅቤዋ የታወቀ ነው፤ እኛ ደግሞ በሁዳዴ ነው የምናልፈው። መሪጌታ ፊቱን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዙሮ «ዐይንም ይጾማል» አለ። ጫጫ ስንደርስ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። አልፎ አልፎ ብቻ ከጉሙ ውስጥ በግ ብቅ ይላል፣ ከበጉ ኋላ ባና የደረበ እረኛ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ቁጥሩን ማንበብ ሌላ፣ መናኸሪያው ላይ መውረድ ሌላ። ካፊያ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ካፊያውን እየገፋ ፊት ላይ የሚደፋ ነፋስ። ድሬው የእግሩን ጣቶች ቁልቁል እያየ «እነዚህ የኔ ናቸው?» አለ። አብረውን የወረዱ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ብርድ አይደለም። ብርድ ማየት ካማራችሁ በኅዳር በታኅሣሥ ኑ፤ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ» አሉን። ወይ መጽናናት!

አልጋ ፍለጋ ብዙ አልዞርንም፤ ብርዱ አላዞረንም። ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ፔንሲዮን ውስጥ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል በ250 ብር አገኘን። ባለቤትዋ «አራት ሰው ለሁለት አልጋ አይሆንም» አሉ። «ተማሪዎች ነን እትዬ» ስንላቸው ትንሽ አዩንና «ተማሪ ከሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ተኙ» ብለው በ30 ብር አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሰጡን። እዚያው ከተማ ፋብሪካ የተሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ደብረ ብርሃን ከተማ ከመሆኗ በፊት ብርድ ልብስ ነበረች። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሳጥን የምታወጣው፣ በሌላ ጊዜ እንዳንነካው የምትቆጣን፣ የሚኮሰኩሰው ከባድ ብርድ ልብስ «ደብረ ብርሃን» ነው የሚባለው። የከተማ ስም መሆኑን ያወቅሁት አንደኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ነው።

ምሳ በያይነቱ በላን። ከዚያ በጋሪ ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እዚህ ላይ አንድ የማፍርበት ነገር አለ። መንገድ ላይ እኔ ለሁሉም «ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ታያላችሁ፣ ፊታቸው በሙሉ ወደ ታች ነው የሚያየው» እያልኩ ሰብኬያቸው ነበር። መሪጌታ ጋሪው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። መላእክቱ ያሉት ጎንደር ነው፤ የጎንደሩ ቤተ ክርስቲያንም ስሙ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ሁለተኛ ዓመት ደርሼ አላውቅም ነበር። ካሸር ብቻ ነው ያልሳቀብኝ። «ስማቸው አንድ ነው፤ ሰው ይሳሳታል» አለ።

ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ተጠግተን ካፊያውን እያሳለፍን መሪጌታ የከተማዋን ታሪክ ነገረን። ንጉሡ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ በ1426 ነግሦ በ1460 ዓ.ም. የሞተው። በእምነት ጉዳይ አልታዘዝም ያሉትን መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ በድንጋይ አስወግሮ ገደላቸው። ከዚያ በ38ኛው ቀን በዚያ ቦታ ላይ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ይህ ፈጣሪ በሥራዬ መደሰቱ ነው ብሎ ተረጎመውና ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ቤተ መንግሥቱንም እዚያው ተከለ፤ የመጨረሻ ዓመታቱን አብዛኛውን የኖረው እዚህ ነው። የቦታው ስም ደብረ ብርሃን ተባለ። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚያን መነኮሳት ታሪክ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ አሳትመውታል፤ ከክፍላችን ያላነበበው ካለ ያንብበው።

መሪጌታ ሲጨርስ ዝም አልን። ካሸር ነው መጀመሪያ የተናገረው። «ብርሃኑ ለሱ የወጣ መሆኑን በምን አወቀ?» አለ። «ለነሱም ሊሆን ይችላል እኮ፤ ለተወገሩት።» እኔ ወዲያው «ደብተርህ ላይ ጻፈው» ብዬ ቀለድኩበትና ተሳስቀን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ዞርን። የመንዝ በግ ሱፍ የሚባለውን ያኔ ነው በእጄ የነካሁት። ባናው ከባድ ነው፣ በግ በግ ይሸታል፣ አንዱ እንኳ ከእኛ አቅም በላይ ነበር። እኔ ግን ብርዱ ስላሸነፈኝ የሱፍ ኮፍያ በ80 ብር፣ ካልሲ በ20 ብር ገዛሁ። ኮፍያውን እዚያው ራሴ ላይ አደረግሁት። መቶ ብሬ አለቀች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ግን በማግስቱ ረስቻት ነበር።

ማታ ራት በላንና መሪጌታ ሊጸልይ ወደ ክፍል ገባ። ድሬው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፤ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው። እኔ እንቅልፍ አልመጣልኝም። «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» አልኩ። መሪጌታ ገምቶኛል መሰለኝ «ሻይ ብቻ ነው አይደል? ሁዳዴ ነው» አለኝ። «ሻይ ብቻ፤ ሥላሴን!» አልኩት። ካሸር ጫማውን እያሰረ «አብሬህ ልውጣ» አለ።

ደብረ ብርሃን በአረቄዋም የታወቀች ናት። አረቄ ጾም አያስገድፍም የሚሉ አሉ፤ እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ምልልኝ ብሎ ሳይጠይቀኝ የማልኩት ግን እኔው ነኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ዝቅ ያለች ቤት በሯ ገርበብ ብሎ ብርሃንና ሙቀት ይወጣል። ገባን። መሃል ላይ ከሰል ተቀጣጥሏል፣ ዙሪያውን አግዳሚ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ባለ ጋሪ አለ፣ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፣ ጠዋት ውርጭ ያስተማሩንን ሽማግሌ የመሰሉ ሁለት ጋሼዎች አሉ። ቦታ ለቀቁልን። «ለዚህ አገር ብርድ መድኃኒቱ ይሄ ነው» ብለው አንድ መለኪያ ሰጡኝ። ካሸር አልቀመሰም፤ ውሃ ነው የያዘው። አንዱ መለኪያ ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን አስታውሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ቀረርቶ እያሰማሁ ነበር፤ ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። ቆሜ «እትዬ፣ ለቤቱ በሙሉ ይቅዱ፣ በኔ ነው!» ስል ድምፄ ይሰማኛል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ ብያለሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ይታወሰኛል። ከዚያ ዝናብ፣ ጨለማ፣ የካሸር ትከሻ። አልጋ ላይ ጫማዬን የፈታው እሱ ነው። እኔና እሱ ነን አንድ አልጋ ላይ የተኛነው።

እሁድ ጠዋት ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነቃሁ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ባዶ። በቃ፣ ማታ መቶ ብሬን እዚያ ከፍያታለሁ አልኩ በልቤ። ኮፍያው እኮ ራሴ ላይ ነው! ከተኛሁበትም አላወለቅኩትም። ግን ሰው እንዲህ ነው፤ መቶ ብሩ ራሴ ላይ ተደፍቶ እኔ ኪሴ ውስጥ እፈልገዋለሁ።

መሪጌታ ቅዳሴ ደርሶ ተመልሷል፤ ፊቱ ፈክቷል። «ጉሙ ከለቀቀ አሁኑኑ መኪና እንይዛለን» አለ። ካሸር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ቀና ሳይል «አንኮበር አይሆንም» አለ። «ለምን?» «የመመለሻ 280 አለ። ከሱ ውጪ የቀረው 20 ብር ነው።»

መሪጌታ ምንም አላለም። ካልሲውን እያጠለቀ ነበር፤ ግማሽ ላይ ተወው። ያንን እግሩን ሳይ ነው መሰለኝ ቱግ ያልኩት። የራስ ምታቱም አለ። «160 ብር ለብቻው አስምረህ አልነበር እንዴ? የት ገባ?» አልኩ። ዝም አለ። ደብተሩን ከጉልበቱ ላይ ነጠቅሁት። ሁሉም ነገር በዚያ ጥርት ባለ ጽሑፉ ተጽፏል፤ ጋሪ፣ ምሳ፣ ራት፣ አልጋ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ። የመጨረሻው መስመር ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ 140» ይላል።

«ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ልዩ ልዩ ነው» አለ።

«አንተ ሃምሳ ሳንቲም ለሳሙና የምትጽፍ ሰው፣ መቶ አርባ ብር ልዩ ልዩ ብለህ ታልፈዋለህ? ልዩ ልዩ የሌባ ቋንቋ ነው!»

ይህንን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አላለውም። ድሬው ከብርድ ልብሱ ብቅ ብሎ «ኧረ ተው፣ ምን ሆነሃል?» አለ። መሪጌታም «ተው እንጂ፣ ገንዘብ ነው» አለ፤ ግን እሱም ካሸርን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ካሸር እኔን አየኝ። ረዥም ጊዜ አይደለም ያየኝ። የሆነ ነገር እንድናገር እየጠበቀ እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ የገባኝ የተናደደ መስሎኝ ነው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ ደብተሩን ሰጠሁት፣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከአቅም በላይ ወጪ አውጥቻለሁ» አለ።

ሁላችንም ኪሳችንን አራገፍን፤ ተደማምሮ ለዳቦና ለሻይ እንጂ ለአንኮበር አይበቃም። ቀኑን እንዴት እንዳሳለፍነው ብዙ የሚነገር የለውም። ወደ በሬሳ ወንዝ በእግራችን ወረድን። ነፋሱ በረታ። መሪጌታ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ አንድ መንገደኛ ጠይቆ በዚያ አቅጣጫ ትንሽ ቆሞ አየ፤ ጉም ነው ያለው። ካሸር ከኋላችን ነበር። ማንም አልጠበቀውም።

ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተመለስን። ሚኒባሱ እስኪሞላ እነሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ እኔ የገብስ ቆሎ ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ድሬው ነው አሥር ብር የሰጠኝ። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ የቆመችው የአረቄ ቤቷ ጥግ ላይ ነበር። ቤቷን በቀን አላወቅኋትም። ሴትዮዋ ግን በር ላይ ሆነው አወቁኝ።

«የኔ ልጅ! ትናንት ቤቱን ያሞቅከው! ራስህ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

አፈርኩ። «ደኅና ነኝ እትዬ፤ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አልኩ።

«ኧረ ምን ቸገረኝ፣ ጨዋታ ነው። ያ ወንድምህ ግን ደግ ልጅ ነው። አንተ ኪስህን ስታጣው፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ሁሉንም ከፈለኝ፤ መቶ አርባ ብር። ‹ከፍዬልሃለሁ ብለው እንዳይነግሩት፣ ያፍራል› አለኝ። እኔ እንግዲህ ምላሴ አያርፍም፣ ነገርኩህ። እግዜር ይስጥልን በለው።»

ቆሎውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ራሴ ላይ ያለውን ኮፍያ ያኔ ነው በእጄ የነካሁት።

ከአረቄ ቤቷ እስከ ሚኒባሱ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። በሃምሳ እርምጃ ውስጥ ሁሉንም ገመትኩ። እውነቱን ቢናገር መሪጌታ ፊት መዋሸቴ ሊታወቅ ነው፤ በሥላሴ ምዬ ወጥቼ። የመሪጌታን አንኮበር በአረቄ የጠጣሁት እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። ልጁ ይህንን ዐውቆ ነው «ልዩ ልዩ» ብሎ የጻፈው። የራሱን ስም እንጂ የኔን ስም ሊያበላሽ አልፈለገም። ደግሞ ደብተሩ ላይ ውሸት መጻፍ አልቻለም፤ ራት ብሎ ደምሮ መደበቅ ይችል ነበር እኮ! ልዩ ልዩ ውሸት አይደለም።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ለሁሉም ቆሎ አደልኩ። ለካሸርም መዳፉ ላይ ዘገንኩለት፤ «አመሰግናለሁ» አለ። ልናገር ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል ልናገር ነበር። ጫጫ ስንደርስ እናገራለሁ አልኩ። ጫጫ ላይ ድሬው ቀልድ ጀምሮ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው፤ እንዳላበላሸው አልኩ። ሸኖ ስንደርስ አልኩ። ሸኖ ላይ መሪጌታ ተኝቷል። ሰንዳፋ ላይ መብራት ታየ፤ ለገጣፎ ላይ የአዲስ አበባ ትራፊክ ጀመረ። ዶርም ሳይሻል አይቀርም፣ ለብቻው ጠርቼ ብነግረው ይሻላል አልኩ። 130 ኪሎ ሜትር እንዲህ ነው ያለቀው።

ሰኞ ከክላስ ስመለስ ትራሴ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ 35 ብር አገኘሁ። መሪጌታና ድሬውም ትራሳቸው ላይ እንዲሁ። 140 ለአራት ሲካፈል 35 ነው። የራሱን ድርሻ ቀንሶ ለሦስታችን 105 ብር ከኪሱ መለሰልን። ቤተሰቦቹ በወር ስንት ይልኩለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያ ወር እንዴት እንዳለፈው መገመት አያቅተኝም። መሪጌታ አልቀበልም ብሎ ተከራከረው፣ በመጨረሻ ተቀበለ። «እንግዲህ ተዘጋ» አለ ድሬው፣ እፎይ ብሎ።

እኔም 35 ብሩን ወሰድኩት። ብመልሰው ለምን ትላለህ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ላውንጅ ሄጄ በላሁበት። ምን እንደበላሁ እንኳ አስታውሳለሁ፤ የጾም ፓስታ።

ከዚያ በኋላ ተለያየን ማለት አይደለም። አብረን በላን፣ አብረን ተማርን። ገንዘብ ሲዋጣ ግን «ካሸር ይያዘው» ማለት ቀረ። ማንም በቃል አላለውም፤ ዝም ብሎ ቀረ። አንድ ጊዜ ለልደት ኬክ ስናዋጣ ድሬው ገንዘቡን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው። ካሸር መስኮቱ ጋ ቆሞ እያየ ነበር። መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን ተበተንን፤ ስንመለስ ለምረቃ የሚያጣድፍ ጊዜ ነበር። እሱ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። አሁን ወላጆች ያዋጡትን የትምህርት ቤት ገንዘብ የሚይዘው እሱ እንደሆነ በስልክ ነግሮኝ ስቋል። እኔ ስቄ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ።

መሪጌታ እስካሁን አንኮበርን አላየም። ሥራ ከያዘ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲል ከረመ፤ ነሐሴ 2015 በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ ደግሞ ያ መንገድ ለሽርሽር የሚታሰብ አልሆነም። አያቱን ባነሳ ቁጥር እኔ ርእስ እቀይራለሁ።

እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚሁ ግቢ ተመልሻለሁ። ይህንን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አንዱ ስለ በሬሳ ወንዝ ብቻ ነበር፣ አንዱ ስለ ብርድ ልብስ። አዘጋጁ «አሁንስ ልዘጋው ነው» ብሎ ሲያስፈራራኝ ነው ይሄኛው የወጣው። ለመሪጌታና ለድሬው ቡለቲኑ እንደታተመ እልክላቸዋለሁ፤ ስም ባልጽፍም ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ለካሸር ግን በፖስታ አልልክለትም። ለፋሲካ አዲስ አበባ እመጣለሁ ብሎኛል፤ ላምበረት ሄጄ እቀበለዋለሁ።